ባሕር ማዶ በመስኮት ሲመጣ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በዩኒቨርሲቲያችን የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ አንድ ቃል እየበረከተ ሄዷል፤ ይኸውም «ቨርቹዋል» የሚለው ነው። ቀድሞ «ለአንድ የትምህርት ዘመን ውጭ አገር ሄዶ መማር የሚፈልግ ይመዝገብ» ይባል የነበረው፣ ዛሬ «ካላችሁበት ሳትነቃነቁ ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ጋር ተማሩ» ወደሚል ተለውጧል። ፓስፖርት የለም፤ ቪዛ የለም፤ ሻንጣ የለም፤ ቦሌ ድረስ የሚሸኝ ዘመድም የለም። ያለው አንድ ስክሪንና አንድ መስመር ነው።

ስለዚህ ነገር በዶርምና በካፌ የሚሰማው ክርክር ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ወገን «ይህ የድሃ ስኮላርሺፕ ነው፤ የሠርጉን ፎቶግራፍ አይቶ ጠገብሁ እንደ ማለት ነው» ብሎ ያፌዝበታል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ዓለም እጃችን ገባች፤ ከእንግዲህ መሄድ ለምኔ» እያለ ያሞግሰዋል። እኛ ከሁለቱም ጋር አንስማማም። የሚያፌዘው ወገን ቀድሞስ መሄድ ይችል የነበረው ማን እንደ ሆነ ዘንግቷል። የሚያሞግሰውም ወገን በመስኮት የታየ ነገር ሁሉ ወደ ቤት እንደማይገባ ዘንግቷል። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው እንላለን፤ ስክሪኑ ከጠፋ በኋላ እዚህ ምን ይቀራል?

በአገራችን የባሕር ማዶ ትምህርት ብዙ ዋጋ የተከፈለበት ነገር ነው። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ገና ሕፃን ነበሩ፤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሕንድ ተወሰዱ፤ በላሆር ሕክምና ተማሩ፤ ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የእናታቸውን ቋንቋ እንደ አዲስ መማር ነበረባቸው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛነት ትምህርት ተማሩ፤ ተመልሰውም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ከእነርሱ በኋላ ተልከው ከተመለሱት ወጣቶች ብዙዎቹ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በተለይም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ፣ ተገደሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ከጀመረ፣ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ደግሞ በገነተ ልዑል ግቢ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ በኋላም ቢሆን፣ ከፍ ያለ ዲግሪ የሚፈልግ ተማሪ በአብዛኛው ባሕር መሻገር ነበረበት። ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ ደግሞ ከሄደው ብዙው ሳይመለስ ቀርቷል። እንግዲህ «መሄድ» በእኛ ታሪክ ውስጥ ማትረፍም ማጣትም ሆኖ ኖሯል። አገሩ ልጁን ይልካል፤ አንዳንዴ ሐኪም ይመለስለታል፤ አንዳንዴም ደብዳቤ ብቻ ይመጣለታል።

ደግሞስ የሚሄደው ማን ነው? ለምሳሌ ያህል የአሜሪካንን መንገድ እንመልከት። ከሰኔ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተማሪ ቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ሆኗል፤ ለተማሪዎች መመዝገቢያ የሚከፈለው ሌላ 350 ዶላር አለ። ማመልከቻው ተቀባይነት ቢያጣ የቪዛው ክፍያ አይመለስም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህም፣ ያው ዶላር በብር ሲቆጠር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ወጥቷል። ይህ ሁሉ የሚሆነው አውሮፕላን ላይ ሳይወጡ ነው። ታናናሾቹን የሚያስተምር ተማሪ፣ ታማሚ እናቷን የምታስታምም ተማሪ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ተማሪ፣ ከሰሌዳው ፊት ቆመው ማስታወቂያውን አንብበው ዝም ብለው የሚያልፉት ስንፍና ይዟቸው አይደለም። የውጭ አገር ትምህርት በመስኮት ሲመጣ ለእነዚህ ሰዎች በር ነው። ይህን ማቃለል ጠግቦ ማደርን ይጠይቃል።

ነገር ግን በር የተባለው ሁሉ በር መሆኑን እንመርምር። ይህ ነገር አዲስ አይደለምና የሚመሰክሩልን ምሳሌዎች አሉ።

እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም ባንክ «የአፍሪካ ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲ» የሚባለውን ሲጀምር፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከመጀመሪያዎቹ ተሳታፊዎች አንዱ ነበረ። ትምህርቱ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች በሳተላይት ይመጣል፤ ተማሪው በስልክና በፋክስ ይጠይቃል። ቆይቶም ዋናው ጽሕፈት ቤት ወደ ናይሮቢ ተዛወረ። ቀጥሎም በ1997 ዓ.ም. መጀመሪያ የሕንድ ፕሬዚዳንት የነበሩት አብዱል ካላም፣ የአፍሪካን አገሮች በሳተላይትና በፋይበር መስመር ከሕንድ ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎች ጋር የሚያገናኝ መረብ ለመዘርጋት ሐሳብ አቀረቡ። ይህ የመላ አፍሪካ መረብ መጀመሪያ የተሞከረው በአገራችን ነው። በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ ዩኒቨርሲቲያችን ዴልሂ ካለው ከኢንዲራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ሃይደራባድ ካለው ከኬር ሆስፒታል ጋር ተገናኙ። አዲስ አበባ ተቀምጦ የሕንድን የማኔጅመንት ዲግሪ መማር ተቻለ። የጥቁር አንበሳም ሐኪም የበሽተኛውን ምስል አሳይቶ ከሃይደራባዱ ሐኪም ጋር ተማከረ። ሐኪም ወርቅነህን ሕፃን ሳሉ ወደ ሕንድ የወሰደው መንገድ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ማንንም ከእናቱ ሳይለይ ተከፈተ ማለት ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የመረቡ የመጀመሪያ ምዕራፍ በ2009 ዓ.ም. አብቅቶ በሌላ ተተካ። እኛ ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። የተሠራው ሥራ በሁለት ዓይነት የተከፈለ ነው። በአንደኛው ዓይነት አስተማሪው ይናገራል፤ ተማሪው ይሰማል፤ ፈተናውን ያልፋል። በሁለተኛው ዓይነት ሐኪም ከሐኪም ጋር ስለ አንድ በሽተኛ ይማከራል፤ በሽተኛው እዚህ ነው፤ ጥያቄው እዚህ የተነሣ ነው፤ መልሱም እዚሁ ይሠራበታል። የመጀመሪያው መስመሩ በተቋረጠ ቀን ያበቃል። የሁለተኛው ትርፍ ግን በሐኪሙ እጅ ላይ ይቀራል።

የኮሮና ወረርሽኝ ደግሞ ይህንኑ በዓለም ሁሉ ፊት ፈተነው። በአገራችን የመጀመሪያው በሽተኛ በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ታወቀ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተነገረ፤ ብዙም ሳይቆይ ተማሪው ከየዩኒቨርሲቲው ወደየቤቱ ተሰናበተ። በዚያው ወር ቻይና ድንበሯን ለውጭ አገር ተማሪዎች ዘጋች፤ እስከ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ድረስም አልከፈተችም። በቻይና ዩኒቨርሲቲዎች ተመዝግበው ወደየአገራቸው የተመለሱ የውጭ አገር ተማሪዎች፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ ከሁለት ዓመት በላይ «ውጭ አገር» የተማሩት ከእናታቸው ቤት ሆነው ነው። ሒሳብና ሕግ እንዲህ መማር ይቻል ይሆናል። ሕክምና የሚማር ሰው ግን የበሽተኛውን ሆድ በስክሪን ሊዳስስ አይችልም። የኬሚስትሪውም ተማሪ አሲዱን በዓይኑ ብቻ ሊለካ አይችልም። መሣሪያውን መንካት፣ ሕመምተኛውን መዳሰስ ግድ በሚሆንበት ትምህርት «ቨርቹዋል» የሚለው ቃል ማታለያ እንዳይሆን እንጠንቀቅ።

መስመሩም የራሱ ጉድ አለው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ከመስመር ውጭ ሆነች። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። አንድ የባሕር ዳር ወይም የመቀሌ ተማሪ በዚያን ጊዜ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር ትምህርት ጀምሮ ቢሆን፣ በአስተማሪው መዝገብ ላይ «ቀሪ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። መስመሩ ለምን እንደ ጠፋ መዝገቡ አይናገርም።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስና ሁላችንም ስለምናውቀው ስለ ቴዎድሮስ አደባባይ እንናገር። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል በቸርችል ጎዳና የሚወርድ ሁሉ የሴባስቶፖልን መድፍ አምሳያ አይቷል። ወደ ጥቁር አንበሳ የምትወርዱ የሕክምና ተማሪዎች በየቀኑ ታዩታላችሁ። ያ አደባባይ ስለ ጀግንነት ብቻ የቆመ ይመስለናል። ለእኛ ግን ስለ ትምህርትም ይናገራል። ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓን ጥበብ ፈለጉ፤ ልጆችን ልከው ለማስተማር ጊዜም መንገድም አልነበራቸውም። ስለዚህ ባሕር ማዶውን ወደ ደብረ ታቦር አመጡት። በጋፋት መንደር ሚስዮናውያኑን ሰብስበው ኢትዮጵያውያንን ከጎናቸው አሠሩ፤ ያ ታላቅ መድፍም እዚያ ቀለጠ፤ በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ወጣ። ጉዞ ሳይኖር የውጭ አገር ትምህርት ማምጣት በአገራችን የተጀመረው በጋፋት ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ታዲያ ምን ቀረ? ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች፤ ቴዎድሮስ ሞቱ፤ አውሮፓውያኑ የእጅ ጥበብ ሰዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጥተው ሄዱ። የጋፋት ምድጃም ቀዘቀዘ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ መድፍ የማቅለጡ ትምህርት ግን ከባለቤቶቹ ጋር ሄደ። እንግዲህ ትምህርት ወደ አገር መጣ ማለት አገር ውስጥ ገባ ማለት አይደለም። አስተማሪው በሄደ ቀን አብሮት የሚሄድ ትምህርት፣ በሳተላይትም ይምጣ በበቅሎ፣ እንግዳ እንጂ ቤተሰብ አይሆንም።

ከዚያው ከመቅደላ የወጣ ሌላም ምሳሌ አለ። የእንግሊዝ ጦር ከወሰዳቸው የብራና መጻሕፍት ውስጥ 350 የሚያህሉት ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ቤተ መጻሕፍቱ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙዎቹን ፎቶግራፍ እያነሣ በኢንተርኔት አወጣቸው። ለግዕዝ ተማሪ ይህ ትልቅ በጎ ነገር ነው፤ ለንደን መሄድ የማይችል ሁሉ ስድስት ኪሎ ተቀምጦ ቅጠሉን ይገልጣል። ሆኖም በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ቤተ መጻሕፍቱ ላይ የኮምፒውተር ጥቃት ደረሰና ምስሎቹ ለብዙ ወራት ጠፉ። ብራናዎቹ ግን ምንም አልሆኑም፤ ለንደን በመደርደሪያቸው ላይ ነበሩ። የጠፋው የእኛ መስኮት ብቻ ነው። ስለ ቨርቹዋል ትምህርት ልንናገር የፈለግነው ሁሉ በዚህ ውስጥ አለ። ምስሉን ልኮ መጽሐፉን ማስቀረት፣ ሌክቸሩን ልኮ ላቦራቶሪውን ማስቀረት አንድ ዓይነት ነገር ነው። «አይተዋልና ይበቃቸዋል» የሚል መንፈስ ከኋላው እንዳይኖር መጠየቅ መብታችን ነው።

ይህን ስንል የሚሠራ መንገድ የለም ማለታችን አይደለም። በደጃችን አንድ መልካም ምሳሌ አለ። በ1995 ዓ.ም. የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት በዩኒቨርሲቲያችን ሲጀመር፣ በአገሩ ሁሉ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች ከአሥር ብዙም አይበልጡም ነበር። ከዚያ በፊት በዚህ ሙያ መሠልጠን የሚፈልግ ወደ ውጭ ይሄድ ነበር። ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገው ስምምነት ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ተማሪው መሄዱ ቀርቶ አስተማሪዎቹ በየጊዜው ለአንድ ወር ያህል እየመጡ ከእኛ መምህራን ጋር አብረው ያስተምሩ ጀመር። በሽተኞቹ የእኛ፣ ቋንቋው የእኛ፣ ዲግሪውም የእኛ ነው። ከተመረቁት አብዛኞቹ እዚሁ አገራቸው ቀሩ፤ ዛሬም ተከታዮቻቸውን የሚያስተምሩት እነርሱ ናቸው። ልዩነቱ ከመጓዝና ካለመጓዝ ላይ እንዳልሆነ ልብ በሉ። ልዩነቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ይህን ትምህርት ነገ እዚህ ማን ያስተምረዋል?» ተብሎ መጠየቁ ነው።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲያችን የውጭ አገር ትምህርትን ወደ ኢንተርኔት በሚያዛውርበት ስምምነት ሁሉ ውስጥ አምስት ነገሮች እንዲገቡ እንጠይቃለን።

አንደኛ፤ ክፍል ይኑር። ተማሪው በራሱ ስልክና በራሱ ካርድ ይማር ማለት ገንዘብ ያለው ይማር ማለት ነው። ፓኬጁ ሲያልቅ ትምህርቱ ያልቃል፤ መብራት ሲሄድ ትምህርቱ ይሄዳል። በላይብረሪ ውስጥ ጀነሬተር ያለው፣ በትምህርትና በምርምር መረቡ መስመር የተገናኘ፣ ሃያ ሰው የሚይዝ አንድ ክፍል ይሰጥ። በአንድ ክፍል ተቀምጠው አብረው የሚማሩ ሃያ ተማሪዎች ትምህርቱ ሲያበቃ ይከራከራሉ፤ በየአልጋቸው ላይ ተጋድመው የሚሰሙ ሃያ ተማሪዎች ግን እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

ሁለተኛ፤ ሰዓቱን እንካፈል። ዴልሂ ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች፤ እዚያ ረፋዱ ላይ የሚጀመር ትምህርት እዚህ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ታክሲ ተሰልፎ ሊደረስበት ይችላል። ቶሮንቶ ግን በብርዱ ወራት ከእኛ በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እዚያ በቀትር የሚጀመር ትምህርት እዚህ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይውላል። ከግቢ ውጭ የምትኖር ተማሪ ከምሽቱ አራት ሰዓት ወዴት ትሂድ? ዘወትር የምናመሸው እኛ ብቻ እንዳንሆን፣ አንዳንዱን ሳምንት እነርሱም በማለዳ ይነሡ።

ሦስተኛ፤ ሥራው የጋራ ይሁን። ማይክሮፎኑን ዘግቶ፣ ፊቱን ሰውሮ ሁለት ሰዓት የሚሰማ ተማሪ ውጭ አገርም ቢሄድ የሚማረው ያንኑ ነው። «ዝም አይነቅዝም» እያልን ያደግን ልጆች ነን፤ በስክሪን ፊት ደግሞ ዝምታችን እጥፍ ይሆናል፤ እንግሊዝኛው ይከብደናል፤ አነጋገራችን ይስቁብናል ብለን እንፈራለን። ይህን የሚያስወግደው ምክር አይደለም፤ ሥራ ነው። ከእነርሱ ሁለት፣ ከእኛ ሁለት ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ተሰጥቷቸው አንድ ጽሑፍ አብረው ይጻፉ፤ ያን ጊዜ ዝም ማለት አይቻልም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውም የእኛው ተረት ነው።

አራተኛ፤ ውጤቱ ይቆጠር። የውጭው ተማሪ ለዚህ ትምህርት በትራንስክሪፕቱ ላይ ውጤት ሲጻፍለት፣ የእኛ ተማሪ «የምስክር ወረቀት» የሚባል ቀለም ያማረ ወረቀት ብቻ ተሰጥቶት መመለስ የለበትም። ያስተማረውም የእኛ መምህር ሰዓቱ ይቆጠርለት። መምህራኖቻችን የዘወትር ሥራቸው ላይ ይህ ሲደረብባቸው በነጻ ይሥሩ ማለት፣ ነገሩ ከአንድ ሴሚስተር እንዳያልፍ መፍረድ ነው።

አምስተኛ፤ የሚሄድ ይሂድ። ቨርቹዋሉ የመጣው መሄድ ለማይችሉት ነው፤ መሄድ የሚገባቸውን ለማስቀረት መሆን የለበትም። ላቦራቶሪ የሚያስፈልገው፣ ቀዶ ሕክምና የሚማር፣ የባዕድ ቋንቋ የሚያጠና ተማሪ ቦታው ይጠበቅለት። ለጋሹም ሆነ የእኛ አስተዳደር «ያው በኢንተርኔት ተምረዋል» ብሎ የአውሮፕላኑን ቲኬት ከሰረዘ፣ በር ያልነው ነገር ግድግዳ ሆነ ማለት ነው። አንድ ወር በኢንተርኔት አብረው ከሠሩ በኋላ ሁለት ሳምንት በአካል መገናኘት እንኳ ብዙ ነገር ያደርጋል።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ለራሳችን መናገር አለብን። እስካሁን «የውጭ አገር ትምህርት» ስንል እነርሱ አስተማሪ፣ እኛ ተማሪ ሆነን ነው የምናስበው። በስክሪን መገናኘት ጥሩነቱ ለሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት መስኮት መሆኑ ነው። እኛ ወደ እነርሱ ስናይ እነርሱም ወደ እኛ ያያሉ። ታዲያ ምን እናሳያቸዋለን? የግድግዳውን ቀለም ነውን?

የምናሳየው ሞልቷል። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የሰበሰበው ብራናና መጽሐፍ በደጃችን ነው፤ ግዕዝ ለመማር ከሃምቡርግም ሆነ ከቶሮንቶ የሚፈልጉን ተማሪዎች አሉ። ከዚህም አልፎ ከተማችን ራሷ መማሪያ ናት። አራዳና ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. እንዴት እንደ ተለወጡ ሁላችንም አይተናል። በየካቲት ወር የዐድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ በዙሪያው ያሉ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቻቸውም ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ። ስለዚህ ነገር የተለያየ አስተያየት አለ፤ ያ አስተያየት በጥናት ይደገፍ ዘንድ ጊዜው አሁን ነው። የአርክቴክቸር፣ የታሪክና የሶሲዮሎጂ ተማሪዎች ከአንድ የሕንድ ወይም የኬንያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ሆነው «አሮጌ ሰፈር ሲፈርስ ከተማ ምን ታተርፋለች፣ ምንስ ታጣለች?» የሚል የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ለምን አይጀምሩም? ዴልሂም ናይሮቢም አሮጌ ሰፈር አላቸው፤ እነርሱም አፍርሰዋል፤ እነርሱም ጠብቀዋል። የእኛ ተማሪዎች ከቴዎድሮስ አደባባይ እስከ ዶሮ ማነቂያ ድረስ በእግራቸው ሄደው፣ ለክተው፣ ሽማግሌ ጠይቀው የሚያመጡትን ነገር ከዚያ ወገን ማንም ሊያመጣው አይችልም። እዚህ ላይ አስተማሪው እኛ ነን። ትምህርቱ ሲያበቃም ካርታው፣ የተቀዳው ቃልና ጽሑፉ በላይብረሪያችን መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ መስመር ቢቋረጥም አይጠፋም።

አንዳንድ መምህራን «ተማሪው በአካል ባለበት ክፍል እንኳ አያነብም፤ በስክሪንማ ይኰርጃል እንጂ አይማርም» እንደሚሉ እናውቃለን። ነገሩ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የሚኰረጀው ተሸምድዶ የሚመለስ ፈተና ነው። ስለ ዶሮ ማነቂያ አንድ አሮጊት የተናገሩትን ቃል ከማን ይኰርጃል? ፈተናውን የሚያበላሸው ስክሪኑ ሳይሆን ጥያቄው ነው። ጥያቄው ከቦታው የተነሣ ከሆነ መልሱም ከቦታው ይፈለጋል።

ሌሎች ደግሞ «መጀመሪያ የዶርሙ ውሃና የካፌው ምግብ ይስተካከል፤ ይህ ቅንጦት ነው» ይላሉ። ውሃውም ምግቡም ይስተካከል፤ ማኅበራችን ስለዚህ መጠየቁን አያቆምም። ግን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። የመጣልንን ስምምነት ሳንመረምር እንደ ወረደ ብንቀበል፣ ከውጭ በተላከ ጥምጥም ራሳችንን አሳምረን፣ ውስጡን ባዶ ይዘን እንቀራለን።

ለዚህም ማኅበራችን በሚቀጥለው ስብሰባው ሦስት ተማሪዎችና ሁለት መምህራን ያሉበት ኮሚቴ እንዲመርጥ እንጠይቃለን። ኮሚቴው እያንዳንዱን የቨርቹዋል ስምምነት ከመፈረሙ በፊት አንብቦ፣ በእነዚህ አምስት ነጥቦች መዝኖ፣ ያገኘውን በዚሁ ጋዜጣ ላይ ያውጣ። የፒያሳውንም ጥናት ለመጀመር ፈቃደኛ የሆነ የትምህርት ክፍል ካለ፣ ለክተው የሚመጡ፣ ጠይቀው የሚጽፉ ተማሪዎች እንደማይጠፉ እኛ እናረጋግጣለን። ስማችንን ለማስመዝገብ ፓስፖርት አያስፈልግም፤ እስክርቢቶ ይበቃል።